የካፊያ ባንድ አውጫጭኝ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ማን እንደተረተው አላውቅም፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛ እንደነበረ ግን እጠረጥራለሁ። እኔም የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ቁልፍ ይዤ እውላለሁ። እስክሪብቶ ሊወስድ የመጣ ሰው ያለቀውን ካላሳየኝ አዲስ አያገኝም። ወንበር የተዋሰ ክፍል ወንበሩን ሲመልስ ገልብጬ እግሮቹን አያለሁ። ባልደረቦቼ በዚህ ምክንያት አይወዱኝም። ቢወዱኝ ደግሞ ምን ፈልገው ነው ብዬ እጠረጥር ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት የባንዳችንን ታሪክ ላጫውታችሁ ስለሆነ ነው። አዎ፣ ባንድ አለኝ። ሳቃችሁን ከጨረሳችሁ ልቀጥል።

ባንዱ ካፊያ ይባላል። ሌላው ሰው ለባንዱ የአውሬ ወይም የመብረቅ ስም ሲያወጣ እኛ ካፊያ ያልነው፣ ሙዚቃችን ዝናብ ይሁን ሙዚቃ ስለማይለይ ነው። መሥራቹ ይበልጣል የሚባል የፊዚክስ መምህር ነው። እኔ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ክፍል ተከራየ። ገና ዕቃውን ሳይፈታ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ድምፅ መምጣት ጀመረ። ዘፈን እንዳልለው ዘፋኝ የለውም፤ ወፍጮ እንዳልለው እህል የለም። አንዱ ድምፅ ሳይሞት ሌላው ይደረብበታል፣ በዚያ ላይ ሌላ፤ ሻይ የያዝኩበት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ከመምህርነቱ ጎን ለጎን የሆነ ነገር እየፈበረከ ነው ብዬ ጠረጠርኩና ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

አልተቆጣም። ጊታሩን አስቀምጦ የጆሮ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ ይመስላል። ከዝናቡ ማዶ ሆና አንዲት ሴት ሰው ትጣራለች፤ ምን እንደምትል አይለይም። እኔ የሊበን ገጠር ልጅ ነኝ፤ ክረምት ሲገባ ከወንዝ ማዶ ሰው እንደዚያ ሲጣራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ቆሜ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ዐይኔ እንባ ሞላ፤ ምን አድርጎብኝ ነው ብዬም ጠረጠርኩ።

«ይኸ ምን ይባላል?» አልኩት።

«ፈረንጆቹ ሹጌዝ ይሉታል፤ ጫማ ማየት እንደማለት ነው» አለኝ። «የሚጫወቱት ሰዎች እግራቸው ሥር ድምፅ የሚለውጡ ትንንሽ ሣጥኖች አሏቸው። በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ስለሚጫወቱ ቀና አይሉም።»

«ሕዝቡንስ ማን ያየዋል?»

«ብዙ ሕዝብ የላቸውም» አለኝ በኩራት።

ዘፋኛችንን ያገኘናት መድኃኒት ቤት ነው። እናኑ ትባላለች፤ መድኃኒት የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከመስኮቱ ወዲህ የማይሻገር ልጅ ናት። ክኒኑ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ለማወቅ ሰው አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ነው የሚጠይቃት። ከተማው «ይቺ ልጅ ምናለ ጮክ ብትል» እያለ ሲያማርራት፣ ይበልጣል አንድ ቀን የራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ ሄዶ ሰማትና መድኃኒቱን ሳይወስድ እየሮጠ መጣ። «አገኘኋት! ምን እንደምትል ጭራሽ አይገባም!» አለኝ። ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር።

ለእኔ የደረሰኝ ቤዝ ጊታር ነው። ባሕር ዳር አንድ የሆቴል ባንድ ሲበተን ይበልጣል አግኝቶ ያመጣው ነው። መጫወት እንደማልችል ነገርኩት። «የቤዝ ዋናው ነገር ስሜት ነው» አለኝ። ይህን ያለኝ ሰው ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ነው፤ መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ያኔ ግን አልጠረጠርኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበርና። እውነቱን ልንገራችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ቁልፍ ፈልጎ ነው። ምንም ሳይፈልግ «አንተም ና» ያለኝ ይበልጣል የመጀመሪያው ነው። ከሥራ ስወጣ ወደ ልምምድ የምሄደው በዚህ ዕድሜዬ እየሮጥኩ ነበር። በዚያች በይበልጣል ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሩና አልጋው መካከል ያለችኝን ቦታ ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም ነበር። ሰው የወደደውን ነገር ይጠብቃል፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ እንዴት ሳይጠረጥር ይኖራል?

የመጀመሪያ ሥራችን ደምበጫ ላይ አንድ ካፌ ሲመረቅ ነበር። ካፌው መናኸሪያው አጠገብ ነው። ይበልጣል ጊታሩን እንደመታ፣ ቤቱ ውስጥ የነበረው መንገደኛ አውቶቡሱ ሞተር አስነሥቶ ሊሄድ መስሎት ሻዩን እየተወ ወጣ። ባለቤቱ «ሌላ ጊዜ እንጠራችኋለን» አሉን። እስካሁን አልጠሩንም። እኔ ግን ያን ቀን ሦስታችን ባዶ ቤት ውስጥ የተጫወትነውን መቼም አልረሳውም፤ እንዲያ አምሮልን አያውቅም።

የባንዳችን ችግር እርስ በርስ አለመተያየታችን ነው። ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን እንጫወታለን። ፊቱን የማታዩትን ሰው ሐሳቡን በምን ታውቁታላችሁ? እኔ ጫማ ማንበብ ጀመርኩ። የእናኑ ሸራ ጫማ ወደ ይበልጣል ከዞረ ተማክረዋል ማለት ነው። ይበልጣል ተረከዙን ካነሣ የሚደብቀው ነገር አለ።

ቀስ በቀስ ምልክቱ በዛ። ይበልጣል እናኑን «እዚህ ጋ ቀደምሽ፣ እዚያ ጋ ዘገየሽ» እያለ ያርማታል። እኔን አንድም ቀን አርሞኝ አያውቅም። «አንተ ጥሩ ነህ፤ እንዲሁ ቀጥል» ብቻ ነው። መምህር ማረም የተወው ተማሪ ተስፋ የተቆረጠበት ተማሪ ነው። ደግሞ የሦስታችንም ድምፅ ጎልቶ የሚወጣበት አምፕሊፋየር አጠገብ አያስደርሰኝም። ገመድ መሰካት የሱ ሥራ ነው። አንድ ቀን ልረዳው ብጠጋ «ተው ተው፣ ኤሌክትሪክ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ፤ የመሥሪያ ቤታችንን አምፖል ሁሉ የምቀይር እኔ መሆኔን እያወቀ። ድምፄን ቀንሶብኛል ብዬ ጠረጠርኩ። የቤዙን የድምፅ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ባዞረውም ድምፄን ከእነሱ ድምፅ መሐል ለይቼ መስማት አልቻልኩም። ግን ቤቱ ሲንቀጠቀጥ ደረቴም ይንቀጠቀጥ ነበርና፣ እንዲህ ባለ ሙዚቃ ውስጥ ማንስ የራሱን ይለያል ብዬ ተጽናናሁ።

የባሰው የመጣው ጁስ ቤት ውስጥ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ አቮካዶ ስጠጣ ሁለቱ ከወዲያ በኩል ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«መቼ ነው የምንነግረው?» አለች እናኑ። ይቺ ልጅ ያን ያህል ጥርት ብላ ተሰምታ አታውቅም።

«ከሠርጉ በኋላ» አለ ይበልጣል። «አሁን ብንነግረው ቅስሙ ይሰበራል።»

አቮካዶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሊያባርሩኝ ነው።

የምን ሠርግ ትሉኝ ይሆናል። የግቢያችን ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። በእኛ ድምፅ የጣሪያው ቆርቆሮ ምስማሩ ቢነቃነቅባቸው ሊያስወጡን መጡ። በሩን ሲከፍቱ ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን፣ ዐይናችንን መሬት ላይ ተክለን ቆመናል። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩን በዝግታ መልሰው ዘጉት። በማግሥቱ ሰፈሩ «ሲዘፍኑ እንኳ ቀና አይሉም፤ እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው» ይል ጀመር። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ ልጅ ምስጉን ነው። እኔም ጸጉሬ እየሸበተ «ልጅ» መባሌን ቻል አድርጌ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ወሬው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩት የእትዬ ጥሩወርቅ ወንድም አያ ሁነኛው ዘንድ ደረሰ። አያ ሁነኛው የታወቁ ገበሬ ናቸው፤ በጥር ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የትልቋ ልጃቸው ሠርግ ላይ የመጣው ዘፋኝ የሰው ሚስት እየጠቀሰ ሠርጉ በዱላ ነበር አሉ ያበቃው። «ለትንሿስ አንገታቸውን የደፉትን አምጡልኝ» አሉ። ሙዚቃችንን የሰማ የለም። የአንገታችን ዝና ብቻ ቀድሞን ተቀጠርን።

በአይሱዙ ሄድን። እኔ የመጨረሻዬ መሆኑን ስለማውቅ መንገዱን ሁሉ እየተሰናበትኩ ነበር። ቡሬ ወርደን ቁርስ ስንበላ ይበልጣል ከአስተናጋጁ ጋር ረዘም ያለ ወሬ ያዘ። የአስተናጋጁን ጣቶች አየኋቸው። ረጃጅሞች ናቸው፤ ለቤዝ የሚሆኑ። ተኪዬን እየቀጠረ ነው ብዬ ጠረጠርኩና ልጁ እንጀራ ጨምሮ ሲያመጣ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም።

ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። በግቢው ጥግ የተሰጣው በርበሬ ቀልቶ ይታያል። ጀኔሬተሩ ተነሣ፤ እኛም ጀመርን።

ሰዉ በመጀመሪያ መሣሪያ የምንሞክር መስሎት በትዕግሥት ጠበቀ። ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅም ሙከራው መርዘሙን ብቻ ታዘበ። የጀኔሬተሩ ባለቤት አንድ ነገር ተበላሸብኝ ብሎ እየተመላለሰ ዘይቱን ያያል። ሊጨፍሩ የተነሡት ኮበሌዎች ምቱ የት ጋ እንዳለ ቢጠፋቸው ትከሻቸውን ከፍ እንዳደረጉ ቆመው ቀሩ። እኔ ለሁሉም ግድ አልሰጠኝም። ልባረር ከሆነ አስጨንቄያቸው ልባረር ብዬ ቤዙን ጣቴ እስኪላጥ እመታዋለሁ።

ይሄኔ አያ ሁነኛው ዱላቸውን ይዘው ከፊታችን ቆሙ። «ተቀበይ!» አሉ እናኑን። ግጥም ሰጪ ሲቆም ዘፋኝ ዐይን ዐይኑን እያየ ቃሉን ሳያጎድል መመለስ አለበት፤ የሠርግ ዘፋኝ ሌላው ሁሉ ቢቀርበት ይኸ አይቀርለትም። አያ ሁነኛው ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ሰጡ፤

«በርበሬው ቢቀላም ማሳው ቢሞላልኝ፣
ቤቴን ያደመቀች ልጄ ሄደችብኝ።»

እናኑ ተቀብላቸዋለች። ግን ቀና አላለችም። ድምፅዋም በይበልጣል ጊታር ውስጥ ገብቶ፣ በማስተጋቢያው ሣጥን ተፈጭቶ፣ «ብኝ... ብኝ... ኝ... ኝ...» እያለ ወጣ። አባት የልጁን ስንብት ሰጥቶ የተመለሰለት የትንኝ ድምፅ ነው።

«ተቀበይ እኮ ነው የምልሽ!» ብለው ደገሙት። አሁንም «ኝ... ኝ...» ሆነ።

ዱላው ወደ ጀኔሬተሩ ተቀሰረ። «አጥፋው!» ጠፋ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ስለነበር ከሁሉም በኋላ ነው ያቆምኩት።

«ምን ሁናችሁ ነው?» አሉ አያ ሁነኛው። «ልጄን ስሸኝ ግጥም ብሰጥ ምን ብላችሁ ነው የመለሳችሁልኝ? ፊቴን ማየት እስኪያስጠላችሁ ምን አጥፍቼ ነው?»

«ኧረ አባቴ፣ እርስዎ ያሉትን ነው ያልኩት» አለች እናኑ።

ማንም አልሰማትም። «ምን አለች?» ተባለ።

«ስድቡን ደገመችው መሰል» አለ አንዱ ከኋላ።

ዳሱ አጉረመረመ። ይኼኔ ከአግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «አያ ሁነኛው፣ ዱላዎን ያውርዱ። ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲጮህ ጥፋተኛው አይለይም። አውጫጭኝ ይደረግ። አንድ ባንድ እንስማቸው፤ ስድቡ ከየትኛው እንደወጣ ያን ጊዜ ይታወቃል» አሉ።

አውጫጭኝ ድሮ ከብት ሲሰረቅ ወይም ጎተራ ሲቃጠል አገር ተሰብስቦ ጥፋተኛ የሚያወጣበት ወግ ነው። በባንድ ላይ ሲወጣ የእኛ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ አሠራር እወዳለሁ። በዚያ ላይ ብቻዬን ልሰማ ነው፤ ሁለቱም ምን ዓይነት ሰው ሊያባርሩ እንደነበር ጆሯቸው ይስማ!

ጀኔሬተሩ ተነሣና መጀመሪያ ይበልጣል ተጠራ። ጊታሩን መታው። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ፤ ተነጋገሩ። «ይኸ ቀፎው የተነካ ንብ ነው» አሉ። «ንብ ይናደፋል እንጂ አይሳደብም።» ነጻ ወጣ።

እናኑ ማስተጋቢያውን እንድትተው፣ ቀናም ብላ የአያ ሁነኛውን ዐይን እንድታይ ታዘዘች። ከዚያ ግጥሙን መለሰችላቸው። ድምፅዋ ያው ትንሽ ነው፤ ግን ዳስ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ስለያዘ እስከ አጥሩ ድረስ ተሰማ። አንድም ቃል አላጎደለችም። ሙሽራዋ አለቀሰች። አያ ሁነኛው ዱላቸው ላይ ተደግፈው አቀረቀሩ። ለካ እሳቸውም ሆዳቸው ሲባባ የሚያዩት ጫማቸውን ነው።

«ይችም ንጹሕ ናት» ተባለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጊታሩ ካልተሳደበ፣ ልጅቷ ካልተሳደበች፣ ተሳዳቢው እኔ ነኝ።

ይበልጣል ብድግ አለ። «አባቶቼ፣ እሱን ይተዉት። እሱ ምንም አላደረገም!»

ሊያፍነኝ ነው! «አይሆንም!» አልኩ። «እኔም ልሰማ! መሰማት መብቴ ነው!»

ፊቴን ወደ ሽማግሌዎቹ አዙሬ በጣም የምወደውን ክፍል መታሁት። ምንም የለም። ቁልፉን አዞርኩት። አሁንም ምንም።

«ጮክ በል እንጂ፣ ወንድምዓለም» አሉ ሽማግሌው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ከጀኔሬተሩ በቀር የሚሰማ የለም። «ይበልጣል፣ ድምፄን መልስ!» አልኩ። ይበልጣል ጫማውን አየ። እናኑም ጫማዋን አየች።

የጀኔሬተሩ ባለቤት ጉዳዩ የሙያው ነውና ገመዴን ከጊታሩ ጀምሮ ተከተለው። በምንጣፉ ሥር አለፈ፤ በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ዞረ፤ ከዚያ የገመዱን ጫፍ ይዞ ቀና አለ። ጫፉ በሥርዓት ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም። ክሩ ላይ አቧራ አለበት፤ የዚያን ቀን አቧራ አይደለም። የአቧራን ዕድሜ እኔ አውቃለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። «ይኸኛውማ» አሉ ዋናው ሽማግሌ በአክብሮት፣ «ከሁሉም ንጹሕ ነው። አንድ ቃል አልወጣውም። ጨዋ ማለት ይኸ ነው!» ዳሱ በሙሉ አጨበጨበልኝ። በስድብም ቢሆን እንደዚያ ተዋርጄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እናኑ ያለ ሣጥን፣ ግጥም ሰጪዎቹን ዐይን ዐይናቸውን እያየች ዘፈነች። ሠርጉ አማረ። እኔ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ቤዜን አቅፌ ተቀምጬ ዋልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት በአይሱዙው ስንመለስ ጠየቅኋቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለ ይበልጣል። «አምፕሊፋየሩ ላይ ያንተ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ከገዛሁት ጀምሮ የተቃጠለ ነው። እስካሠራው ብዬ ነበር። አንተ ግን ያን ቀን ተጫውተህ ስትጨርስ 'በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም' አልከን። በምን አፌ ልንገርህ?»

የሰው ወንበር እግር ገልብጬ የማይ ሰውዬ፣ የራሴን ገመድ ጫፍ ሄጄ አላየሁም። «ታዲያ ከሠርጉ በኋላ የምትነግሩኝ መባረሬን አልነበር?»

«ቀዳዳውን አሠርተን ልንነግርህ ነዋ!» አለች እናኑ። በመኪናው ጩኸት መካከል ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋት። «ጋሼ፣ እኛ ስንጫወት የየራሳችንን ነው የምንሰማው። ሲያልቅ 'እዚያ ጋ ስትደርሱ ጸጉሬ ቆመ፣ እዚህ ጋ እናቴ ትዝ አለችኝ' የምትለን አንተ ነህ። ካንተ ሌላ እስከ መጨረሻው የሰማን ሰው አለ?»

አሰብኩት። እውነቷን ነው። በባንዳችን ታሪክ አንድ አድማጭ ብቻ ነበረን፤ እሱም ቤዝ ይዞ ከኋላ የቆመው ነው። ስንቱን ነገር ስጠረጥር እንደሚወዱኝ ግን አንድም ቀን አልጠረጠርኩም። ፊቴን ከመንገዱ ዳር ወዳለው የበርበሬ ማሳ አዞርኩ።

ቀዳዳው ተሠራ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ይበልጣል ገመዴን ራሴ እንድሰካ ጋበዘኝ። ሰካሁት። ጀመርን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ሰማሁ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ባልናገር ደስ ይለኛል። የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ። እትዬ ጥሩወርቅ ከጓዳ «ምን ወደቀ?» ሲሉ ሰማሁ። ይበልጣል ጊታሩን መምታቱን አላቆመም፤ እናኑም መዝፈኗን አላቆመችም። ያ የሐምሌ ዝናብ ግን የለም። ከማዶ የምትጣራዋ ሴትም አትሰማም፤ እሷን ያፈናት የእኔ ጣት ነው።

ቀስ ብዬ በጫማዬ ጫፍ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ሳብኩት። ወጣ። ዝናቡ ተመለሰ። እጄን ከክሮቹ ላይ ሳላነሣ መምታቴን ቀጠልኩ፤ ጸጉሬም ቆመ።

ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ በእኛ ባንድ ሁሉም ሰው የሚያየው ወደ መሬት ነው፣ ገመዱም ያለው መሬት ላይ ነው። ጠረጠርኩና በዐይኔ ጥግ ቃኘኋቸው። ይበልጣል አቀርቅሯል። እናኑም እንዳቀረቀረች፣ ዘፈኗን ሳታቋርጥ የሸራ ጫማዋን ዘረጋ አደረገችና፣ የወደቀው ገመድ እንዳያደናቅፈኝ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችልኝ።